ክብደት ለመቀነስ የሚበስል የቤት ምግብ፦ ከድስቱ እስከ ገበታው

በ2000 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው 3 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን መዝግቦ ነበር። በ2016ቱ ጥናት ይኸው ቁጥር 8 በመቶ ደረሰ። በከተማ፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ ድርሻው ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። «ዳይት ላይ ነኝ» የሚለው ንግግርም በየቢሮውና በየሰርጉ ቤት የተለመደ ሆኗል። ዳይት የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያደርገው እንጀራን ከገበታው ማራቅ ነው፤ ቀጥሎ የታሸገ ቱና፣ አጃና ሰላጣ ይገዛል። የእናቱ ድስት የቦርጩ ምክንያት ተደርጎ ይታያል። ይህ ፍርድ ለድስቱ አይገባውም።

ስለ ክብደት መቀነስ የተደረጉ ጥናቶች በአንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ፦ ሰው ሊጸናበት የሚችለው ምግብ ነው የሚሠራው። በ2018 የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። አንዱ ቡድን ቅባት ቀነሰ፣ ሌላው ዱቄትና ስኳር ነክ ምግብ ቀነሰ። በዓመቱ መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ሁለተኛዎቹ 6 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ሁለቱም ቡድኖች አትክልት እንዲያበዙ፣ ከስኳርና ከተፈተገ ዱቄት እንዲርቁ፣ በተቻለ መጠንም ቤት ውስጥ የተሠራ እንዲበሉ ተመክረው ነበር። በ2019 ደግሞ ኬቪን ሆል የተባለ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪ 20 ሰዎችን ለሁለት ሳምንት የፋብሪካ ምግብ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ እንዳሻቸው እንዲበሉ አደረገ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ጨምረው በሉ፤ ክብደታቸውም ጨመረ። በሌላው ጊዜ ቀነሱ።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ማብሰል ግማሽ መንገድ ነው። ቀሪው ግማሽ ዘይቱ ነው።

አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ አለው፤ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ብቻ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ይሰጣል። ለአምስት ሰው በሚሠራ የምስር ወጥ ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ቢገባ፣ ለእያንዳንዱ ተመጋቢ ከዘይቱ ብቻ ከ300 ካሎሪ በላይ ይደርሰዋል። ይኸው ወጥ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ቢሠራ ድርሻው ወደ 75 ይወርዳል። ምስሩ፣ በርበሬው፣ እንጀራው አልተነካም። ከጄሪካን በቀጥታ ወደ ድስት ማፍሰስን ትቶ በማንኪያ መለካት በብዙ ቤት ከየትኛውም የዳይት ዕቅድ የበለጠ ውጤት የሚያመጣ ለውጥ ነው።

ያለ ብዙ ዘይት ማብሰል ለኢትዮጵያ ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት በብዙ ቤቶች ቀድሞ ያለ ዘይት ነው የሚቁላላው፤ ከታች እንዳይይዝ ውሃ ጠብ እየተደረገ፣ ቀስ ባለ እሳት፣ ለረጅም ሰዓት ሲማሰል በራሱ ውሃ ይበስላል፣ ይጣፍጣል፣ ወጡንም ያወፍረዋል። ዶሮውም ቆዳው ተገፎ፣ ስቡ ተለቅሞ፣ በሎሚና በጨው ታጥቦ ነው የሚገባው። ዛሬ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ዶሮን ያለ ቆዳ አብስሉ የሚሉት ይህንኑ ነው። የንጥር ቅቤው መዓዛም ቢሆን በአብዛኛው ከኮረሪማው፣ ከኮሰረቱ፣ ከአብሹና ከበሶብላው የመጣ ነው። ወጡ በስሎ እሳቱ ሲጠፋ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ቢጨመርበት መዓዛው ድስቱን ይሞላል፤ የሚጨምረው ግን 45 ካሎሪ ገደማ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጦስኝና መከለሻ ምንም ሳያወፍሩ ጣዕም ይሰጣሉ። ጨው ግን ልክ አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ተፈጭቶ የሚሸጥ በርበሬና ሚጥሚጣ ውስጥም ጨው ስለሚኖር ወጡን ሳይቀምሱ መጨመር አይገባም።

ሆድን ቶሎ የሚያጠግቡ ሁለቱ ነገሮች፣ ፕሮቲንና አሰር፣ በጥራጥሬ ውስጥ አብረው ይገኛሉ። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር ወደ 116 ካሎሪ፣ 9 ግራም ፕሮቲንና 8 ግራም አሰር አለው። ከዚህ ወገን እጅግ የሚመሰገነው አዚፋ ነው፦ የተቀቀለ ድፍን ምስር፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፤ ዘይቱ ጥቂት ወይም ጭራሽ የለም። አይብም እንዲሁ ክብሩን አላገኘም። ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ቅባቱ አነስተኛ፣ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፤ ከተቀቀለ ጎመን ጋር ሲቀርብ ቆንጆ እራት ይሆናል። ከሥጋ ቀዩ እንጂ ጮማው አይመረጥም፤ ጭቅና በጋለ መጥበሻ ላይ በራሱ ውሃ ሊጠበስ ይችላል። የዝዋይና የጣና ዓሣም ቅባት የሌለው ያህል ነው፤ በዘይት ተዘፍቆ ሲጠበስ ግን ጥቅሙ ይጠፋል፤ ጉላሹ ይሻላል።

እንጀራስ? የጤፍ ዱቄት በካሎሪ ከስንዴ ብዙም አይለይም፤ በመቶ ግራም 365 አካባቢ ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው። ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከነገለፈቱ ይፈጫል፤ አሰሩና ማዕድኑም አብሮ ይቀራል። ምጣድ ላይ ሲጋገርም ዘይት አይፈልግም። ስለዚህ እንጀራን ማባረር ሳይሆን መመጠን ነው የሚያስፈልገው፤ ከባዱም ይኸው ነው። በጋራ ትሪ ላይ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፤ ጉርሻ አለ፤ «ብላ እንጂ» የሚል አለ። የራስን ድርሻ በተለየ ሳህን ማውጣት፣ ከእንጀራው በፊት አንድ ሳህን የአትክልት ወይም የምስር ሾርባ መጠጣት ይረዳል። በ2007 በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ከምሳ በፊት ሾርባ የጠጡ ሰዎች ሾርባውን ጨምሮ በጠቅላላው 20 በመቶ ያህል ያነሰ ካሎሪ እንደበሉ አሳይቷል። ፍርፍር ግን ጥንቃቄ ይሻል፦ እንጀራው ዘይቱን መጥጦ ደግሞ በሌላ እንጀራ ይበላል።

ጾምም እንደ ዳይት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ፣ ከቅቤና ከሥጋ መራቅ ለጥራጥሬና ለአትክልት ሰፊ ቦታ ይከፍታል። ሆኖም ከሰዓት በኋላ በሳምቡሳ፣ በቦንቦሊኖና ዘይቱ በተንሳፈፈበት ተጋቢኖ ከተፈታ ክብደት ሊጨምርም ይችላል። ለስላሳውም እንዲሁ ጾም ነው፤ በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ግን ከ30 ግራም በላይ ስኳር ሊኖር ይችላል።

ከአገር የወጡት ያዩት ነገር ለዚህ ክርክር ትልቅ ማስረጃ ነው። ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን እንደደረሱ ስኳር በሽታ ብዙም አይታወቅባቸውም ነበር፤ የነጭ ዱቄት፣ የጣፋጭ መጠጥና የመቀመጥ ኑሮ ሲከተል በሽታው በጥቂት ዓመታት ተስፋፋ። በ1998 የተቋቋመው ቴኔ ብሪዑት የተሰኘው ማኅበር በአማርኛ ስለ ጤናና ስለ አመጋገብ የሚያስተምረው በዚሁ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ደግሞ በአይዳሆ ግዛት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጤፍ ይመረታል፤ በየሱቁ የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ማሸጊያው ላይ ያለውን ማንበብ ያስፈልጋል።

በማለዳ የሚጠጣ ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ዝንጅብል፣ «ቦርጭ ያጠፋል» ተብሎ የሚሸጥ ሻይ ስብ አያቃጥሉም። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ጤናማ ፍጥነት ነው፤ ከዚያ በላይ ቃል የሚገባ ሻጭ ገንዘብ እንጂ ጤና አይፈልግም። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም በ2022 ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያ አውጥቷል፤ ምክሩ ምግብን ማሰባጠር፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ጥራጥሬን ማብዛት፣ ስኳር፣ ጨውና ቅባትን መቀነስ ነው። ይህን ሁሉ በጉሊት ከሚገዛ ጎመን፣ ምስርና ካሮት መሥራት ይቻላል።

ኢንሱሊን የሚወስዱ ወይም የስኳር ክኒን የሚውጡ ሰዎች ግን ምግባቸውን በድንገት ቢቀንሱ ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ እርጉዝና የምታጠባ እናትም ለክብደት ብላ ምግብ መቀነስ የለባትም። እነዚህ ሰዎች የድስቱን ልክ ከመቀየራቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።