ማሻሻያው አለቀ፤ ሰርቨሩ ግን አልነሣም

ቅዳሜ ማታ የመጋዘኑንና የሽያጩን መዝገብ በያዘው ሰርቨር ላይ አዲሱ ኡቡንቱ ይጫናል። ሰኞ ጠዋት ካሸሮቹ ደረሰኝ መቁረጥ ያቅታቸዋል። ባለንብረቱ መዝገቡ የጠፋ ይመስለዋል፤ የተጠራው ባለሙያም "ሁሉንም አጥፍተን እንደ አዲስ እንጫነው" ይላል። እሺ ከማለትዎ በፊት ይህን ያንብቡ።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከኡቡንቱ 18.04 ወደ 20.04 የሚደረገው ሽግግር ነው። መዝገብ ያዡ ፕሮግራም ማይኤስኪውኤልም አብሮ ከ5.7 ወደ 8.0 ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 8.0 ደግሞ "ኩዌሪ ካሽ" የተባለውን ክፍል አስቀርቷል። ይህ ክፍል የአንድን ጥያቄ መልስ ይዞ እያቆየ፣ ያው ጥያቄ ሲደገም ያንኑ ይሰጥ ነበር። ሆኖም አንድ ሽያጭ በተመዘገበ ቁጥር የዚያ ሰንጠረዥ የተያዘ መልስ ሁሉ ይጣላል፤ ሥራ በበዛበት ማሽን ላይም ጥቅሙ ከጉዳቱ አነሰ።

ክፍሉ ቢወጣም ስሙ በአሮጌው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ይቀራል። ማሻሻያው መሐል ላይ "የቀድሞው ፋይል ይቆይ ወይስ በአዲሱ ይተካ?" ብሎ ይጠይቃል። ፋይሉን ለድርጅቱ እንዲስማማ አድርጎ ያስተካከለ ጠንቃቃ ሰው "ይቆይ" ማለቱ አይቀርም። እንግዲህ የሚጎዳው እሱ ነው! 8.0 የማያውቀውን ቃል ዘሎ አያልፍም፤ መነሣቱን ይተዋል።

ስለዚህ ምንም ሳይነኩ፣ ሰርቨሩ እንደቆመ የመዝገቡን ማኅደር በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። 8.0 የነካውን መዝገብ 5.7 መልሶ አያነበውም፤ ወደ ኋላ የሚመልስዎ ከማሻሻያው በፊት የተያዘ ግልባጭ ብቻ ነው። ቀጥሎ የስህተት መዝገቡን የመጨረሻ መስመሮች ያንብቡ። ፕሮግራሙ ያልተቀበለውን ቃል በስሙ ይጠራዋል። ያንን መስመር በማስተካከያው ፋይል ውስጥ ፈልገው ከፊቱ የ# ምልክት ያድርጉና እንደገና ያስነሡ። አሁንም ቢቆም አይደናገጡ፤ የኩዌሪ ካሹ መጠን፣ ጣሪያና ዓይነት በየራሳቸው መስመር የተጻፉ ስለሆኑ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተራ በተራ ሊወጡ ይችላሉ። ማሪያዲቢ የተባለው ዘመድ ፕሮግራም ኩዌሪ ካሽን ስላላስወጣ፣ ለእሱ የተጻፈ ምክር እዚህ ያሳስታል።

ሰርቨሩ ተነሥቶም አሮጌው የሽያጭ ፕሮግራም አልገባ የሚልበት ጊዜ አለ። 8.0 ለአዲስ ተጠቃሚ የይለፍ ቃሉን የሚያረጋግጠው በሌላ ዘዴ ነው፤ የቀድሞዎቹ ተጠቃሚዎች ግን በነበሩበት ይቀጥላሉ። ባለሙያው "ለሙከራ" ብሎ አዲስ ተጠቃሚ ከፍቶ ከሆነ፣ የሽያጭ ፕሮግራሙን ወደ ቀድሞው ተጠቃሚ ይመልሰው።