ባንድ ሶ ሲመረጥ ምላጩ ይቅደም

ደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ በጓሮው አልጋ፣ ረከቦትና በርጩማ ለሚሠራ ሰው ከኤሌክትሪክ መጋዞች አንዱን ብቻ ምረጥ ቢባል፣ መልሱ ባንድ ሶ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። አብዛኛው ገዢ ግን መጀመሪያ የሚያየው ክብ መጋዙን ነው። ባንድ ሶ ከላይና ከታች በተተከሉ ሁለት ፑሊዎች ላይ የሚዞር ጥርሳም የብረት ጥብጣብ ነው። ጥርሱ ሁልጊዜ ወደ ታች ስለሚቆርጥ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ይጫነዋል እንጂ እንደ ክብ መጋዝ አስፈንጥሮ ወደ ሠራተኛው አይመልሰውም። ጣትን ግን ይቆርጣልና መከለያው ከእንጨቱ ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ይስተካከል። ቀጥ ያለውንም ጥምዝ የሆነውንም ይቆርጣል፤ የረከቦት እግርና የሶፋ ክንድ በክብ መጋዝ አይወጡም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቆጣቢ ነው። ክብ መጋዝ በአንድ ቆረጣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ እንጨት ሰጋቱራ ያደርጋል፤ ባንድ ሶ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። አንድ ወፍራም ጣውላ በአሥር ቆረጣ ሲሰነጠቅ የሚባክነው በአንደኛው 3 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው 1 ሳንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ በነበረበት አገር፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ የዋንዛ ሳንቃ በእጁ ያለ ሰው ይህን ልዩነት ሊንቀው አይገባም።

ገዢ ሲቀርብ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት ነው?» ብሎ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን እንጨት በቤቱ ቀስ እያለ ለሚሰነጥቅ ሰው 1 የፈረስ ጉልበት ይበቃል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ስስ አየር ሞተሩን ያደክመዋል የሚለው ስጋት መነሻ አለው፤ ሞተሮች የሚመዘኑት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ታስቦ ነውና። ነገር ግን ከዚያ በላይ ባለው በየ100 ሜትሩ ከሚፈቀደው ሙቀት 1 ዲግሪ ቢቀነስ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ይሠራል። የሚፈቀደው የአካባቢ ሙቀት ለደሴ 25 ዲግሪ፣ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ለምትለው ኮምቦልቻ 31 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ የጦሳ ተራራ ብርድ ስስ አየሩ የወሰደውን ይመልሳል። ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው የመብራቱ መውረድ ነው። የሞተር ጉልበት የሚቀንሰው በቮልቴጁ ስኩዌር በመሆኑ 220 የነበረው ወደ 180 ሲወርድ ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛው ይጠፋል። ያን ጊዜ ሥራውን ማቆም እንጂ እንጨቱን መግፋት ሞተር ማቃጠል ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ማሽንም ትራንስፎርመር ብቻ አይበቃውም፤ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ይግላልም።

ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነው፤ «ምላጩ በሰፋ ቁጥር ቆረጣው ይቀናል» የሚለው እምነት። እውነትነቱ ምላጩ በትክክል ሲወጠር ብቻ ነው። ተራ የብረት ምላጭ ቀጥ ብሎ እንዲቆርጥ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 10 ኪሎ ያህል መሳብ አለበት። ይህ በምላጩ ሁለቱም ወገን ሲሰላ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ምላጭ በማሽኑ አካል ላይ ከ100 ኪሎ በላይ፣ 20 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ 200 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ይጭናል። ፑሊው 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀላል የቤት ማሽን ሁለተኛውን ጭነት ሲሸከም አካሉ ይጎብጣል፣ የመወጠሪያው ሞላ ይጨፈለቃል፣ ምላጩ ግን ልል ሆኖ ይቀራል። «መግለጫው ላይ እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይችላል ተብሏል» የሚል ይኖራል። ያ ጽሑፍ ምላጩ ፑሊው ላይ ይቀመጣል ማለት ነው፤ ይወጠራል ማለት አይደለም። በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ በደንብ የተወጠረ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ምላጭ ከላላው ሰፊ ምላጭ ይልቅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለመሰንጠቅ በአንድ ኢንች 3 ጥርስ ያለውን መምረጥ ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ሰጋቱራውን ይዞ ይወጣል። ለጥምዝ ሥራ ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ ይሻላል፤ ራዲየሱ 16 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ መዞር ይችላል።

ውፍረቱም የራሱ ሕግ አለው። ምላጭ ከፑሊው ዲያሜትር አንድ ሺህኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለ35 ሳንቲ ሜትር ፑሊ 0.35 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በገበያ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ያለ ዕድሜው ይሰነጠቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 2.67 ሜትር ርዝመት ያለው ምላጭ በደቂቃ 900 ሜትር ሲሮጥ ሁለቱ ፑሊዎች ላይ በሰዓት 40,000 ጊዜ ያህል ይታጠፋል። የማሽኑ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ኒውቤሪ ባንድ ሶን በ1808 እ.ኤ.አ. አስመዝግቦት ነበር፤ ይህን ሁሉ መታጠፍ የሚችል መጋጠሚያ ግን አልነበረምና ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። መፍትሔው የመጣው በ1846 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊቷ አን ፖላን ክሬፓን የምላጩን ጫፎች የምትበይድበትን ዘዴ ስታገኝ ነው። ዛሬም የተበጠሰ ምላጭ ለተራ ኤሌክትሪክ በያጅ የሚሰጥ ሰው ምላጩን ገደለው ማለት ነው፤ መጋጠሚያው ተሰባሪ ይሆናል። ጫፎቹን በሞረድ አስልሎ፣ አደራርቦ፣ በብር ቅይጥ መበየድ ግን በትዕግሥት በቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው።

«ደሴ ላይ ምላጩ አይገኝም» የሚለው ተቃውሞ የምር ነው፤ እንዲያውም ምላጩ ይቅደም የምለው በእሱ ምክንያት ነው። ምላጭ በጥቅል ተሽጦ በሚፈለገው ርዝመት ይበየዳል። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ጥቅሉን የሚሸጥና በትክክል የሚበይድ ሰው ኮምቦልቻ ላይ ወይም 400 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው አዲስ አበባ ይፈለግ፤ ከተገኘም ደርዘን ያህል አንድ ላይ ማስበየድ ያዋጣል። አሮጌና ከባድ ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ፑሊ የካስት አይረን ማሽን ያገኘ ሰው፣ ሦስት ፌዝ መብራትና ጠንካራ ወለል ካለው፣ ያንሳው፤ ትልቅ ፑሊ ምላጭን እምብዛም አያጥፍም። ከፓሌት ላይ ሚስማር ሳይነቅሉ የሚቆርጡና ሥራ ሲያበቃ ውጥረቱን ሳያላሉ የሚሄዱ ግን በማንኛውም ማሽን ላይ ምላጭ ይጨርሳሉ። ሲገዛ ደግሞ ሻጩ ፊት አዲስ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ምላጭ ይወጠርና ሁለቱ ፑሊዎች በቀጥታ መስመር ላይ መሆናቸው በረጅም ማስመሪያ ይታይ። ከዚያም ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ይሰንጠቅበት። ባሕር ዛፍ በተፈጥሮው ውጥረት ምላጩን ስለሚቆነጥጥ የአካሉን ድክመት ቶሎ ያወጣዋል፤ ሁለቱ ግማሾች ላይ ያለው ውፍረት ከላይም ከታችም እኩል ከሆነ ዋጋ መነጋገር ይቻላል።