ጭምድድ ፍሬው የጥራት ምልክት የሆነው ነባር ማሽላ

በሰሜን ወሎ ዞን ሐብሩ ወረዳ ማሽላ ከዋና ዋና ሰብሎች አንዱ ነው። በመርሳም ሆነ በወልድያ ገበያ ሸማቹ የሚመርጠው ሞላ ያለ ፍሬ ነው። "ወተት በጉንጬ" እና "ማር ጩቄ" የተባሉት የወሎ ነባር ማሽላዎች ግን በዚህ መለኪያ ቢመዘኑ ወድቀው ይቀራሉ። ፍሬያቸው ሲደርቅ ይጨመደዳል፤ ክብደታቸውም ያነሰ ነው።

ስማቸው ግን ያለ ምክንያት አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1973 ይፋ በሆነ ጥናት የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ9 ሺህ በላይ የማሽላ ናሙናዎችን ፈትሸው በላይሲን የበለጸጉ ሆነው ያገኟቸው ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ ነበሩ። ላይሲን ሰውነት ራሱ የማያመርተው፣ በእህል ውስጥም የሚያንስ የፕሮቲን ክፍል ነው። የእነዚህ ማሽላዎች የላይሲን መጠን ከተለመደው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል፣ ጠቅላላ ፕሮቲናቸውም ከ15 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

የወሎ አርሶ አደር ይህን በላቦራቶሪ ሳይሆን በምላሱ ለይቶታል። ከሌላ ማሽላ ጋር አሰባጥሮ ይዘራዋል፤ እሸቱንም ከነዛላው ጠብሶ ይበላዋል።

ዘሩን ለማቆየት የሚፈልግ አርሶ አደር አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት። ይህን ባሕርይ የሚያወርሰው ዘረመል ድብቅ በመሆኑ፣ ከጎረቤት ማሳ የመጣ የአበባ ዱቄት ያረፈበት ፍሬ ሞልቶ ይወጣል፤ የላይሲን ብልጫውንም ያጣል። ስለዚህ "ለዘር የሞላውን ምረጥ" የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ ይገለበጣል። ዝናብ ያጠረው ማሽላም ስለሚጨመደድ፣ ምርጫው ከአጨዳ በፊት እዚያው ማሳ ላይ ቢሆን ይመረጣል። በዙሪያው ያለው ማሽላ ሞልቶ እያለ እርሱ ብቻ ከተጨመደደ ትክክለኛው ዘር ነው። የተመረጠው ዛላም ለብቻው ተወቅቶ ለብቻው ይቀመጥ።

በዚሁ ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ግራና-1 ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎችን አውጥቷል። ለዋናው ማሳ የተሻሻለውን መምረጥ ተገቢ ነው፤ ለነባሩም ጥቂት መደብ መተው ምርትን አይጎዳም።

የወረዳና የቀበሌ ግብርና ባለሙያዎችም ዝርያን በሄክታር ኩንታል ብቻ ባይመዝኑ መልካም ነው። ዘሩ በእጃቸው ያለ አርሶ አደሮችን ለይቶ መመዝገብና ናሙናውን ወደ ኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ዘር ባንክ መላክ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሳይዘራ የከረመ ዘር የመብቀል አቅሙ በየዓመቱ ስለሚቀንስ ግን ሥራው ለከርሞ የሚባል አይደለም።