ኤች-ኢንዴክስ፦ ምሁር በአንድ ቁጥር ሲለካ

አንድ ተመራማሪ ሰባት ጽሑፎች አሳትሟል እንበል። ሌሎች ምሁራን እነዚህን ጽሑፎች እንደየቅደም ተከተላቸው 3፣ 31፣ 0፣ 7፣ 2፣ 5 እና 12 ጊዜ ጠቅሰዋቸዋል። ድምሩ 60 ነው፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ግን የአንዱ ጽሑፍ ብቻ ነው። ታዲያ የሰውየው ተሰሚነት በምን ይለካ?

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት መልስ ኤች-ኢንዴክስ ይባላል። አራት ጽሑፎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አራት አራት ጊዜ የተጠቀሱለት ሰው ኢንዴክሱ አራት ነው፤ አምስት ለመባል አምስቱ አምስት አምስት ጊዜ መጠቀስ አለባቸው።

ይህ ስሌት ፕሮግራመሮች ለሥራ ቃለ መጠይቅ በሚለማመዱበት በሊትኮድ ላይ 274ኛው ጥያቄ ነው። ቀላሉ መንገድ ቁጥሮቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ መደርደር ነው፦ 31፣ 12፣ 7፣ 5፣ 3፣ 2፣ 0። አራተኛው 5 ስለሆነ ተራውን ያሟላል፤ አምስተኛው 3 ስለሆነ አያሟላም። መልሱ 4 ነው። ልብ በሉ፦ 4 ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ጀማሪዎች መልሱን ከዝርዝሩ ሲፈልጉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ዝርዝሩ ሲረዝም ግን መደርደሩ ጊዜ ይፈጃል። ሰባት ጽሑፍ ያለው ሰው ኢንዴክሱ ከሰባት ስለማይበልጥ ከ0 እስከ 7 ቁጥር የተሰጣቸው ስምንት ሣጥኖች ይበቁናል። እያንዳንዱ ጽሑፍ የተጠቀሰበትን ብዛት ቁጥሩ ያደረገ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ 7ም፣ 12ም፣ 31ም ግን የመጨረሻው ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። ከላይ እየደመርን እንውረድ፦ በ7 ላይ ሦስት ጽሑፍ፣ በ6 ላይ ያው ሦስት፣ በ5 ላይ አራት፣ በ4 ላይም አራት። የጽሑፎቹ ብዛትና የሣጥኑ ቁጥር እዚህ ተገናኙ። ዝርዝሩን አንዴ፣ ሣጥኖቹን አንዴ ማየት በቃ።

ይህን አቋራጭ የሰጠን ግን የመለኪያው ጉድለት ነው። 31 ጊዜ የተጠቀሰው ጽሑፍ 3,100 ጊዜ ቢጠቀስም ኢንዴክሱ ከ4 ንቅንቅ አይልም። ዓለምን የለወጠ አንድ ሥራ ብቻ ያለው ሊቅም ከ1 አያልፍም። ሂርሽ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2020 መለኪያቸው ያልታሰበ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ጽፈዋል።

ስለዚህ የአንድን ምሁር ኢንዴክስ ስታዩ፣ ቢያንስ በብዛት የተጠቀሰለትን አንዱን ጽሑፍ ገልጣችሁ አንብቡ።