ቀዩ አፈርና ባዶ እግር

ክረምት ሲገባ በቀይ መሬት አገር ጫማ ሸክም ይሆናል። ጭቃው ሥሩ እየተለጠፈ እግር ያከብዳል። በሬ ተከትሎ የሚያርስ ገበሬ አውልቆ ድንበር ላይ ያኖረዋል፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅም ኮንጎውን በእጁ ይዞ ይሮጣል። ማታ ሁሉም እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀልቶ ቤቱ ይገባል። ጤፉን፣ ገብሱን፣ ድንቹን የሚሰጠው ይኸው አፈር ነው፤ ግድግዳው የተመረገው፣ ወለሉም የተደለደለው በእርሱ ነው። ገበሬው ዝናብ ይቀር ይሆን፣ በረዶ ይመታው ይሆን ብሎ ይሰጋል እንጂ መሬቱ ያሳምመኛል ብሎ አይጠረጥርም።

ከዚሁ አፈር ግን በሽታ ይመጣል። ሕዝቡ የእግር ዝሆኔ ይለዋል። በሕክምናው ዓለም ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ስሙ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክኛ ቃላት የተሠራ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ከዚህ በሽታ ጋር የሚኖረው ሰው 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደሆነ ገምቷል። በዓለም ላይ ያለው የሕሙማን ቁጥር ወደ 4 ሚሊዮን ስለሚገመት፣ ከሦስት ሕሙማን ከአንድ በላይ የሚሆነው የእኛ ወገን ነው ማለት ነው።

ስለ ጤናና ስለ ተፈጥሮ ትስስር ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ንጹሕ አየርና የዛፍ ጥላ ነው። በባዶ እግር አፈር መርገጥ ሰውን ከምድር ጋር ያስታርቃል የሚል ምክርም በየቦታው ይሰማል። በቀይ አፈር አገር ለሚኖር ሰው ግን ይህ ምክር አደገኛ ነው። ከተፈጥሮ ጋር ያለን ዝምድና እውነተኛ ስለሆነ ብቻ ሁልጊዜ የሚፈውስ አይሆንም።

ዝሆኔ የሚባል ሌላም በሽታ አለ፤ እርሱን የሚያመጣው በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ ጥቃቅን ትል ነው። ያበጠ እግር የታየበት ቦታ ሁሉ ለረጅም ጊዜ በዚሁ ትል ሲሳበብ ኖሯል። ነገር ግን ትንኟ በማትበዛበት ብርዳማ ደጋ ላይ እብጠቱ ለምን በዛ? በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሐኪሞች በገበያ ቀን እየተገኙ ያበጠ እግር ይቆጥሩ ነበር። ሰው ሁሉ የሚገናኘው ገበያ ላይ ነውና ብልህ ዘዴ ነው። ከዚያ በኋላ ብሪታኒያዊው የሥጋ ደዌ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ የበሽታውን ሥርጭት ከመሬቱ ዓይነት ጋር አስተያየ። በሽታው የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ከፍ ባለ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ በሚዘንብበት፣ ጥንት ከእሳተ ገሞራ በወጣ ድንጋይ ላይ በተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈር አካባቢ ነበር። የሕሙማኑ ንፍፊት በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ሲመረመርም ውስጡ የአፈር ማዕድን ብናኝ ተገኘ። መሬቱ የሰው ገላ ውስጥ ገብቶ ነበር።

እንዴት እንደሚገባ ተመራማሪዎች የሚያስረዱት እንዲህ ነው። የተሰነጠቀ ተረከዝና በየጊዜው በጭቃ የሚርስ ቆዳ ለብናኙ በር ይከፍታል። ብናኙን እንደ ጠላት የሚቆጥሩ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ይውጡታል፤ ማዕድን ግን አይፈጭላቸውም። የሴሎቹ ቁጣ በዚያው በእግር ሊምፍ ቧንቧዎች ዙሪያ ይነሣል፤ ከዓመት ዓመት ቧንቧው እየቆሰለ፣ እየጠበበ ይሄዳል። ሊምፍ ከደም ሥር ሾልኮ የሚወጣውን ፈሳሽ ወደ ልብ የሚመልስ የሰውነት ቦይ ነው፤ እንደ ልብ ያለ ማዕከላዊ መግፊያ የለውም፤ የጡንቻ እንቅስቃሴም ያግዘዋል። ቦዩ ሲደፈን ፈሳሹ ባለበት ይረጋል፤ እግር ያብጣል፤ ቆዳው ይወፍርና ኪንታሮት የመሰለ እብጠት ያወጣል። በሽታው ከእግር መዳፍ ጀምሮ ወደ ጉልበት ይወጣል እንጂ ብዙውን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም።

ታዲያ አንድ ማሳ ከሚያርሱ ወንድማማቾች አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይድናል? በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመና በወላይታ ሕሙማን ላይ የተሠራ የዘረመል ጥናት ለዚህ ጥያቄ ከፊል መልስ ሰጥቷል። ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚለይባቸው አንዳንድ ጂኖች ከበሽታው ጋር ተያይዘው ተገኙ። ይህ ግኝት ከላቦራቶሪ ወጥቶ ቀጥታ ወደ ሰርግ ቤት የሚገባ ነው። ሕዝቡ በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ እንደሚበዛ ቀድሞ አይቶ «የዘር ነው» ብሎ ደምድሟል፤ በዚህ ምክንያት የታማሚ ልጅ ጤነኛ ሆና ሳለ ጋብቻ ይከለከላታል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነት ነው። ከተጋላጭ ቤት የተወለደ ሰው እግሩን ከአፈሩ ከጠበቀ አይታመምም። በሽታው ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በሰሜን አፍሪካና በካናሪ ደሴቶች ዝሆኔው የጠፋው ጫማ ማድረግ የሁሉም ልማድ ሲሆን ነው፤ አፈሩ ዛሬም እዚያው አለ።

በሽታው የሚጎዳው እግርን ብቻ አይደለም፤ የጤናን ሙሉ መልክ እዚህ ላይ እናያለን። በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ከሕሙማኑ 12.6 በመቶው የድብርት ምልክት ሲታይባቸው፣ ለንጽጽር ከታዩት ጤነኞች ግን የታየው በ0.7 በመቶው ላይ ብቻ ነበር። እግር ያበጠበት ሰው ከማኅበሩ፣ ከእድሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል፤ ሽታው ያሳፍረዋል። በወላይታ የተሠራ ሌላ ጥናት ሕመምተኛ ከሥራ ቀኑ 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ አስልቷል። ማሳው ሰው ካጣ ቤቱ ይራባል፤ የተራበ ቤት ደግሞ ለልጁ ጫማ አይገዛም።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ያስደንቀኛል። እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲያርፉ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና የተሸፈነ ጫማ። በረባሶና ኮንጎ አፈሩን ስለሚያስገቡ አይበቁም። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ፍተሻ ይህ እንክብካቤ በትኩሳትና በከባድ ሕመም የሚነሣውን ድንገተኛ ማገርሸት በአምስተኛ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ከአልጋ ለሚውል ገበሬ አምስተኛ ማለት ብዙ የእርሻ ቀን ነው። ፈተናው ውሃው ላይ ነው፤ ምንጩ ሩቅ በሆነበት መንደር አንድ ጀሪካን ለመጠጥ፣ ለወጥና ለእግር ይካፈላል። ስለዚህ የምንጭ ማጎልበት ሥራም ለእኔ ከሕክምናው ይቆጠራል።

እግር ማጠብ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ከመንገድ ለገባ እንግዳ ውሃ ለብ አድርጎ ማቅረብ የቆየ ወግ ነው፤ ልጅ የአባቱን እግር አጥቦ ይመረቃል፤ በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናኑን እግር ያጥባል። ይህ ወግ በሽታውን ቀድሞ ለማየትም ይጠቅማል። በሽታው ሲጀምር የእግር ጀርባ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ የእግር ፊተኛው ክፍል ይሰፋል፤ ማታ ያበጠው ጠዋት ይጎድላል። በዚህ ጊዜ እንክብካቤው ከተጀመረ እብጠቱ ሊመለስ ይችላል። ይህን ምልክት ከጤና ባለሙያ ቀድሞ ሊያየው የሚችለው ማታ ሳፋው አጠገብ ተንበርክኮ የአባቱን ጣቶች ለይቶ የሚያጥበው ልጅ ነው።