መስማት ሲጠፋ ነርቩም አብሮ ይሞታል?



ሁላችንም አንድ ቀን ክፍል ውስጥ መቆማችን አይቀርም። ታዲያ አንድ ልጅ ስሙ ሲጠራ ዝም ቢል «ይኼ ሰነፍ» ለማለት አፋችን ይቸኩላል። አንድ አብሮ አደጌ ትኩሳት ታሞ ከተነሣ በኋላ እንዲህ ዝም አለ፤ ንቀት ነው ተብሎ ተገረፈ፤ በመጨረሻም ትምህርቱን ተወ። ለካስ አይሰማም ኖሯል። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም የእሱ ነገር ነው።

ድምፅ የጆሮን ታምቡር ሲመታ ንዝረቱ በሦስት ትናንሽ አጥንቶች አልፎ ቀንድ አውጣ ወደሚመስለው የውስጥ ጆሮ ይደርሳል። እዚያ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጡታል። ምልክቱን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ደግሞ 30,000 ያህል ክሮች ያሉት የመስማት ነርቭ ነው።

እንግዲህ መስማት ሲጠፋ የሚሞተው የትኛው ነው? ብዙውን ጊዜ ሕዋሳቱ ናቸው። በቴፒና በሚዛን የተጎነደለ ቡና መልሶ ያቆጠቁጣል፤ እነዚህ ሕዋሳት ግን አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ነርቩስ? በድመትና በጊኒ ፒግ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሕዋሳቱ ከሞቱ በኋላ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየመነመነ ይሄዳል። በሰው ላይ ግን መመንመኑ ዝግ ያለ ነው፤ መስማት ካቆሙ ብዙ ዓመት በሆናቸው ሰዎች ጆሮም ያልሞተ ነርቭ ተገኝቷል።

በውስጥ ጆሮ የሚተከለው መሣሪያ የሚሠራው ይኸው ነርቭ ስላለ ነው። የሞቱትን ሕዋሳት አልፎ ነርቩን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። እ.ኤ.አ. በ1957 ጁርኖና ኤይሪየስ የተባሉ ፈረንሳውያን ፓሪስ ላይ ይህንን ሞከሩ፤ በ1978 ግሬም ክላርክ ሜልቦርን ላይ ብዙ ኤሌክትሮድ ያለውን መሣሪያ ተከለ። ነርቩ ጨርሶ ከሌለ ግን መሣሪያው አይረዳም።

ጊዜም ወሳኝ ነው። አገራችን «የማጅራት ገትር ቀበቶ» በሚባለው የአፍሪካ ክፍል ትገኛለች፤ እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 ከባድ ወረርሽኝ አይታለች። ከዚህ በሽታ በኋላ የውስጥ ጆሮ በወራት ውስጥ በአጥንት ሊደፈን ስለሚችል መሣሪያውን ማስገባት ያስቸግራል።

እርግጥ መሣሪያው ውድ ነው፤ ለብዙው የገጠር ልጅ አይደርስም። ቋንቋ ግን ሊደርሰው ይገባል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ነው።

ስለዚህ ከጌጫ ወጥተን ስንመደብ ዝም ያለውን ልጅ ከመቅጣታችን በፊት ከበስተኋላው እንጥራው። ካልዞረ ከፊት እናስቀምጠው፤ ወላጆቹን አነጋግረን ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንላከው። ነርቩ ምናልባት ገና በሕይወት አለ፤ ልጁም አለ።