ሮም ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ቢኖራችሁ የት ትሄዳላችሁ?

ሮም ለሐበሻ ያን ያህል እንግዳ አይደለችም። የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የተጻፈው «ፌርማታ» ነው፤ አደባባዩ «ፒያሳ» ነው፤ ማኪያቶ ለማዘዝ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ግን ከተማዋን የሚያስጎበኙት የቲክቶክና የዩቲዩብ ቪዲዮዎች አንድ ዓይነት ናቸው፦ ኮሎሲየም፣ ትሬቪ ፏፏቴ፣ ፒዛ፣ ሰልፊ፣ አለቀ። የእኛ ታሪክ ያለበትን ሮም የሚያሳየን የለም።

ይህ ጽሑፍ ለትራንዚት፣ ለስብሰባ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ሄዶ አንድ ቀን ለተረፈው ሰው ነው። (በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ ያለ ሸንገን ቪዛ ከኤርፖርት መውጣት እንደሌለ አትርሱ።) ኢኮኖሚክስ ስንማር «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» የሚሉት ነገር ነበር፤ አንዱን ስትመርጡ የተዋችሁት ሌላው ነገር ዋጋ ማለት ነው። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ውዱ ነገር ዩሮው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ሁለት ሰዓት ወረፋ ላይ መቆም ማለት ሁለት ሰዓት ሮምን አለማየት ነው። እንግዲህ እንነሳ።

ተርሚኒ፦ በዶጋሊ እንጀምር

ከፊውሚቺኖ ኤርፖርት «ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ» የሚባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያደርሳችኋል፤ ዋጋው 14 ዩሮ ነው። ከጣቢያው ስትወጡ የምታገኙት ሰፊ አደባባይ ስሙ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ይባላል፤ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» እንደማለት። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች። በየቀኑ ስንት ሺህ ሰው ሻንጣ እየጎተተ ያልፍበታል፤ የስሙን ምክንያት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ትንሽ ራመድ ብላችሁ፣ ከአደባባዩ ወደ ፒያሳ ዴላ ሪፑብሊካ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የእነዚሁ ወታደሮች መታሰቢያ አለ። ላዩ ላይ የቆመው የጥንት ግብፅ ሐውልት ነው። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ ተነቅሎ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠው እዚሁ መታሰቢያ ሥር ነበር። አዎ፣ ያ ለገሃር የምናውቀው አንበሳ። ኋላ ላይ ተመልሶልናል።

ፖርታ ካፔና፦ የሌለውን ሐውልት ማየት

ከተርሚኒ በሜትሮ ቢ መስመር ሦስተኛው ጣቢያ «ቺርኮ ማሲሞ» ነው። ስትወጡ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ትልቁ ሕንፃ ይታያችኋል። ሕንፃው መጀመሪያ የታሰበው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ፊት ለፊቱ፣ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ላይ፣ 24 ሜትር የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት ከ60 ዓመት በላይ ቆሟል። ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ የዘረፈችውን ልትመልስ ተስማምታ ነበር። 18 ወሩ 58 ዓመት ሆነ። ሐውልቱ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የደረሰው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ በቦታው ያሉት እ.ኤ.አ. በ2001 በኒውዮርክ የሽብር ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ናቸው። «ታዲያ ምኑን ላይ ነው?» ትሉ ይሆናል። ባዶነቱን ነዋ! የተወሰደ ነገር ሊመለስ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቦታ አውሮፓ ውስጥ ብዙ የለም።

አበበ የሮጠበት መንገድ

ከዚያ በቪያ ዲ ሳን ግሪጎሪዮ በእግር ወደ ቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሂዱ፤ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን የጨረሰው እዚህ ነው። ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎት የሄደውም ያኔ ገና በቦታው የነበረው የአክሱም ሐውልት ጋ ሲደርስ ነበር። ሰዓቱ 2፡15፡16፤ የዓለም ክብረ ወሰን። እስቲ አስቡት፦ የተዘረፈው ሐውልት ቆሞ እያየው!

ቅስቱ አጠገብ ያለው ኮሎሲየም ነው። እ.ኤ.አ. በ80 ዓመተ ምሕረት ተመርቋል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ይይዝ ነበር። ውስጡን ለማየት 18 ዩሮ ያህልና አስቀድሞ ኦንላይን ትኬት መቁረጥ ያስፈልጋል። ወር በገባ የመጀመሪያው እሁድ ነፃ ነው፤ ወረፋው ግን ጉድ ነው። አንድ ቀን ላለው ሰው የእኔ ምክር ከውጭ ዞራችሁ እዩትና እለፉ ነው።

ፓንተዮን፦ የአድዋው ንጉሥ መቃብር

በቪያ ዴይ ፎሪ ኢምፔሪያሊ ወደ ፒያሳ ቬኔዚያ፣ ከዚያም ወደ ፓንተዮን። መግቢያው 5 ዩሮ ነው፤ ይህ ግን ይከፈልበት። ዕድሜው 1,900 ዓመት ገደማ የሆነው ጉልላት 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ብረት ያልገባበት ኮንክሪት ነው፤ አናቱ ላይ ክፍት ስለሆነ ዝናብ ሲዘንብ ይገባል። ሠዓሊው ራፋኤል የተቀበረው እዚህ ነው። ንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊም እንዲሁ። አፄ ምኒልክ ስለ ውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የጻፉለት፣ ጦሩ አድዋ ላይ የተሸነፈበት ንጉሥ እሱ ነው።

ቫቲካን፦ ፊደላችን የታተመባት

ከሰዓት በኋላውን ለቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ስጡት። መግቢያ የለውም፤ ፍተሻ ግን አለ፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ነው። እንደ ባዚሊካው ዝም ብሎ አይገባበትም፤ ታሪኩ ግን ይገባችኋል። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ቄስ ከእነዚህ መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን ሮም ላይ አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው። ከዚያም አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን እዚያው አሳተሙ። አሁን ስልካችሁ ላይ የምታነቡት ፊደል ከብራና ወጥቶ ማተሚያ ቤት የገባው ሮም ነው ማለት ነው።

ሒሳቡ

ባቡር ደርሶ መልስ 28፣ ፓንተዮን 5፤ 33 ዩሮ። በዚህ ላይ የሜትሮና የምግብ ጨምሩ። ውኃ አትግዙ፤ በየመንገዱ «ናዞኒ» የሚባሉ ከ2 ሺህ በላይ ነፃ የመጠጥ ውኃ ቧንቧዎች አሉ። ቡና ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ጠጡ፤ ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ሊጨምር ይችላል። እንጀራ ካማራችሁ ተርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም።

ቪዛ የሌለንስ? ጎግል ማፕ ላይ «ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና» ብላችሁ ፈልጉና ስትሪት ቪው ክፈቱ። ሁለቱን ዓምዶች ካገኛችሁ በኋላ መንገዱን ይዛችሁ በጣታችሁ ወደ ቅስቱ ሂዱ። የአበበ የመጨረሻዋ ኪሎ ሜትር እሷ ናት።